የንፋሱ ደብተር

ቀናተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። ባሌ ስልኩን ይዞ ወደ በረንዳ ሲወጣ ጆሮዬ ተከትሎት ይወጣል። መሥሪያ ቤት አለቃችን ሌላዋን “ጎበዝ” ካላት የዚያን ቀን ምሳ አይወርድልኝም። እንዲህ ስቀና ኖሬ ኖሬ ግን፣ በዘጠኝ ዓመቴ የቀናሁትን ያህል ደግሜ ቀንቼ አላውቅም። የቀናሁት በአባቴ ነው። ልትወስድብኝ ነው ያልኳት ሴት ደግሞ ቢጫ ሄልሜት አድርጋ፣ መሰላል በጫነች ፒካፕ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን ትመጣ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በመብራት ነው። እናቴ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ጉልበቷን ስለሚያማት በእግር የሚረገጠው ማሽን አይሆንላትም፤ ያሏት ሁለት ማሽኖች የኤሌክትሪክ ናቸው፤ አንዱ መስፊያ፣ አንዱ የትምህርት ቤቱን ዓርማ ደረት ላይ የሚጠልፍ። ሰፈራችን ደግሞ መብራት ሄደ እንጂ መጣ የሚባልበት ሰፈር አልነበረም። እጅጌው ተሰፍቶ ሳያልቅ ማሽኑ ቀጥ ይላል። እማዬ እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች “ይኸው እንግዲህ!” ትላለች፤ ለማን እንደምትል እንጃ። ልብሱ በቀጠሮ አልደርስ ያላቸው ትምህርት ቤቶች አንድ በአንድ ሥራቸውን ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ።

አባቴ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን ሥራ ከዋለበት ግቢ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይዞ መጣና ምሳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ወረቀቱ ላይ ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት፣ ከቤቱ ጎን ረጅም የብረት ማማ፣ ማማው ጫፍ ላይ ሦስት ነጭ ክንፎች አሉ።

“ተርባይን ነው” አለ። “ንፋሱ ያዞረዋል፣ እሱ መብራት ይሰጣል። ቤታችን እንደሆነ ኮረብታ ላይ ነው። ያሰጣሽው ልብስ ስንቴ ነው ጎረቤት ግቢ የተገኘው? ንፋስ ደግሞ በነፃ ነው።”

“ንፋሱስ በነፃ ነው” አለች እማዬ። “ማሽኑስ?”

“እሱን ለኔ ተይው።”

ተወችለት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለሄልሜቷ መጣች።

ረጅም፣ ሳቂታ፣ እጇ እንደ ወንድ እጅ ጠንካራ የሆነ ሴት ነበረች። ተርባይን ሸጦ የሚተክል ድርጅት ውስጥ ኢንጂነር ናት። ድርጅቷ መጀመሪያ ንፋሱን ሳይለካ አይተክልም፤ ስለዚህ ጣሪያው ላይ ቧንቧ አቁማ ጫፉ ላይ በንፋስ የሚሽከረከሩ ሦስት ትንንሽ ኩባያዎች ገጠመች። ከኩባያዎቹ ቀጭን ሽቦ በመስኮት አስገብታ ከአንዲት ሳጥን ጋር አገናኘችው። ሳጥኗ ከትናንት ወዲህ የነፈሰውን ንፋስ አማካይ ፍጥነት፣ በሰከንድ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ በቁጥር ታሳያለች። ያንን ቁጥር በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ደብተር ላይ የሚጽፍ፣ ጽፎም ቀይዋን ቁልፍ ተጭኖ ወደ ዜሮ የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።

“እኔ ጸሐፊ አለችኝ” አለ አባዬ፤ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ።

እንዴት እንደኮራሁ! ደብተሩን በጋዜጣ ሸፈንኩት። እርሳስ አይሆንም፣ እስክሪብቶ ይገዛልኝ ብዬ አስቸገርኩ። አባዬ ማታ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ “የኔ ጸሐፊ፣ ዛሬ ስንት ነፈሰ?” ይለኛል። ሁለት ነጥብ አራት፣ ሁለት ነጥብ ስድስት፣ ሦስት። ትንሽም ብትሆን የኔና የሱ ብቻ የሆነች ወሬ ነበረችን።

ቅዳሜ ሲመጣ ግን ወሬው ሁሉ የሷ ይሆናል። ደብተሩን ከእጄ ትቀበልና “ጎበዝ” ብላኝ፣ ዞር ብላ እንኳን ሳታየኝ፣ ከአባዬ ጋር ጣሪያ ላይ ትወጣለች። እኔ ከታች መሰላል እይዛለሁ። ከላይ ሳቅ ይሰማል። አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ከኛ ጋር ሰምቼው አላውቅም። ደግሞ ሸሚዙ! ከቅባትና ከዝገት ሌላ የማያውቀው ሰው ቅዳሜ ጠዋት ነጭ ሸሚዝ ያወጣል፣ ጥፍሩን በብሩሽ ይፈትጋል። እኔ በዓመት አንዴ የወላጅ ቀን ሲጠራ “ቆሻሻ ልብስ ለብሼ እንዴት እመጣለሁ” ብሎ የሚቀርብኝ አባት እኮ ነው!

ዛሬ ሳስበው ሰውዬው አፍሮ ነው። የተማረች፣ ከቢሮ የምትመጣ ሴት ፊት የእጁን ዝገት ይዞ መቆም ከብዶት ነው። ያኔ ግን ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ነጭ ሸሚዝ ነጭ ሸሚዝ ነው።

እሳቱን ያራገበችው ጎረቤታችን ነርሷ ናት። ነርሷ መርፌ ከመውጋት ይልቅ በነገር መውጋት ይሆንላታል። አንድ ቅዳሜ የልጇን ቀሚስ ልታሳጥር መጥታ፣ እማዬ ማሽን አጠገብ ቆማ፣ በመስኮት ወደ ጣሪያው አንጋጠጠች።

“ባልሽ ሸሚዝ አበዛሳ!” አለች። “ኧረ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው እቴ፣ ንፋሱ ይዞት እንዳይሄድ!”

እማዬ ሳቀች። “የት ይሄዳል? እሱን ሰው ቢወስደው በማግስቱ ይመልሰዋል” አለች። ሁለቱም እየሳቁ ቀሚሱን ለኩት። እኔ ግን እማዬ ሳቋን ስትጨርስ ፊቷ ወዲያው እንደጨለመ አየሁ፤ የቀሚሱን ክር በጥርሷ የበጠሰችው ጨርቁ እስኪጎተት ድረስ ነበር። እኔም ያን ቀን ቁርጡን አወቅሁ። ይቺ ሴትዮ አባቴን ይዛ ልትሄድ ነው።

በሦስተኛው ቅዳሜ ደግሞ ባሰ። መሰላሉ ሥር ቆሜ ጆሮዬን ጣል አድርጌያለሁ። እስከዚያ ቀን አባዬን “እርስዎ” ስትለው የነበረችው ሴት “አንተ” ስትለው ሰማሁ።

“አንተ ሰውዬ፣ እባክህ አታድርገው” ትላለች።

“ወስኛለሁ” ይላል እሱ።

“እስከ መቼ ነው የምትደብቃት? ሚስትህ አይደለች?”

“ለጊዜው እንዳትሰማ። በኋላ ራሴ እነግራታለሁ።”

መሰላሉን ለቅቄ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ከላይ ባለሄልሜቷ በረጅሙ ተነፈሰች።

“እስካሁን ያለው ቁጥር ያንሳል” አለች። “እንዲህ ከሆነ ገና ሦስት አራት ወር ልመላለስና ልየው።”

“ከአራት ተኩል ቢያልፍስ?”

“ካለፈማ ምን እላለሁ? አስተክዬልህ መሄድ ነው።”

ስለ ምን እንደሚያወሩ አሁን አውቃለሁ። አራት ተኩል ተርባይን ለመትከል የሚያበቃው የንፋስ አማካይ ነው። የሚደበቀው ዋጋው ነበር። አባዬ ለእማዬ የነገራት የተርባይኑን ዋጋ ብቻ ነው። የማማውን ብረት፣ የመሠረቱን ኮንክሪት፣ ማማውን የሚያቆመውን ክሬን፣ ባትሪዎቹን፣ ሽቦውን፣ የማዘጋጃ ቤቱን ፈቃድ አልነገራትም። ሁሉ ሲደመር ተርባይኑን ሁለት ጊዜ ይገዛ ነበር። “አታድርገው” የምትለው ሴትዮ ራሷ ሻጯ ናት፤ እንዳይገዛ ነበር የምትለምነው። እኔ ከታች ሆኜ የሰማሁት ግን ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ሁሉ ንግግር አንዲት ነገር ብቻ ጨብጬ ገባሁ። ቁጥሩ ካነሰ ሴትዮዋ ትመላለሳለች። ቁጥሩ ከአራት ተኩል ካለፈ ትሄድልናለች።

በማግስቱ ሳጥኗ ሁለት ነጥብ ሰባት አለች። አራት ነጥብ ሰባት ብዬ ጻፍኩ።

በሒሳብ ከክፍሌ አንደኛ ነበርኩ፤ ዝም ብዬ የመጣልኝን ብጽፍ እንደሚነቃብኝ ገብቶኛል። ስለዚህ ሳጥኗ ያለችው ላይ ሁልጊዜ ሁለት እደምራለሁ። ንፋሱ ሲቀንስ የኔም ይቀንሳል፣ ሲጨምር የኔም ይጨምራል። አንድ ነጥብ ዘጠኝ የተባለ ቀን ሦስት ነጥብ ዘጠኝ ስጽፍ አዘንኩ። ሦስት ነጥብ ሁለት ሲባል ደግሞ አምስት ነጥብ ሁለት ብዬ ጽፌ ደብተሩን ሳምኩት። አባዬ ማታ ሲገባ “ስንት ነፈሰ?” ይለኛል፤ ስነግረው ፊቱ እንደ መብራት ቦግ ይላል። ወገቤን ይዞ ያነሳኛል። ደስታው ለሷ መስሎኝ እንደገና እቀናለሁ።

ባለሄልሜቷ በመጣች ጊዜ ደብተሩን ቆማ አነበበች። ቁጭ ብላ ደግማ አነበበች። ከዚያ ወጥታ በጓሯችን በኩል ያሉትን ዛፎች ረጅም ጊዜ አየቻቸው።

“ዛፎቹ እንዲህ አይሉም” አለች።

“ዛፍ ምን ያውቃል?” አለ አባዬ። “ወሩ ተለወጠ፣ ንፋሱም ተለወጠ። ጸሐፊዬን ጠይቂያት።”

ዞር ብላ አየችኝ። ያኔ ነው መጀመሪያ በደንብ ያየችኝ። “ልክ ነው የጻፍሽው?” አለችኝ።

“አዎ” አልኩ፤ ዓይኔን ዓይኗ ላይ ተክዬ። አባቴን ልትወስድብኝ የመጣች ሴት ልታስፈራራኝ ነው? ኧረ ወዲያ!

ከፒካፗ በእጅ የሚያዝ ሌላ መለኪያ አምጥታ ጣሪያ ላይ ወጣች። በኔ ዕድል፣ ያን ቀን ከጠዋቱ ጀምሮ ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ንፋስ ነበር። ስትወርድ ፊቷ ጥቁር ብሏል። “አምስት ነጥብ አንድ” አለች። “እንግዲህ ደብተሩ ያለው ይሁን።” አርባ ቀን ያህል እንደዚያው ሄድኩበት፣ የአርባው ቀን አማካይም ከአራት ተኩል አለፈ።

ክሬኑ የገባ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አይቶናል። አባዬ የቧንቧ ጥርስ የሚያወጣበትን ማሽኑን ሸጧል፤ ከኋላ የነበረችን ቁራጭ መሬትም ሄዳለች፤ የቀረው ብድር ነው። እማዬ ሙሉውን ዋጋ የሰማችው ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ነው። በመስኮት አየኋት፤ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ መቀሷን ስትከፍት ስትዘጋ ቆየች። ባለሄልሜቷ ሥራው ሲያልቅ አባዬን ጨበጠችው፣ እማዬን ጨበጠቻት፣ እኔን ጭንቅላቴን ዳበስ አድርጋ ፒካፗን አስነስታ ሄደች። አቧራዋ እስኪጠፋ ቆሜ ሸኘኋት። ያን ቀን ምሳ ሁለት ሰሃን በላሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመናገር ብዙ ቃል አያስፈልግም። ነጮቹ ክንፎች ዞር ይሉና ይቆማሉ። እንደገና ዞር ይሉና ይቆማሉ። ባትሪው ሞልቶ አያውቅም። መብራት ሲሄድ የእማዬ ማሽን በተርባይኑ አንድ ክንድ ያህል ይሰፋና ያቃስታል፣ ከዚያ እንደ ድሮው ቀጥ ይላል። አባዬ ማማው ላይ እየወጣ ግራሶ ይቀባል፣ ብሎን ያጠብቃል፣ ወርዶ አንጋጦ ያየዋል። “ቀለደብን እኮ” ይላል። “ሲለካ ነፍሶ፣ ሲተከል ቆመ። እንዲህ ያለ ንፋስ አይታችሁ ታውቃላችሁ?” ሰውም ከንፈሩን ይመጥለታል።

ክፍያው መድረስ ሲጀምር እማዬ ሌላ ከተማ ያለ ልብስ ፋብሪካ ገባች። ቀን ሙሉ መብራት አለ፣ ማደሪያ አለ፣ በወር በወር ደመወዝ አለ። ሻንጣዋን ስትዘጋ እኔ አልጋው ላይ ተቀምጬ ነበር። የማዘኔን ያህል ነገሩ የገባኝ መስሎኛል፤ የዚያችን ሴትዮ ነገር ደርሳበት፣ ተቀይማ፣ አባዬን ጥላው የምትሄድ ነበር የመሰለኝ። እንዲያውም አባዬን ለአንድ ወር አኮረፍኩት። ሰውዬው ያስቀየመኝ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከረሜላ እየገዛ ይለማመጠኛል።

ሰባት ዓመት ፋብሪካ ሠራች። በሁለት ወር አንዴ ለሁለት ቀን ትመጣለች። መጀመሪያ የወር አበባ ሳይ ያስረዳችኝ ነርሷ ናት፤ እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትቀልድ። እኔም ቅናቴን ይዤ በሰፈሩ እዞር ነበር። ከትምህርት ቤት ስንመለስ የጓደኛዬ እናት ከበር ላይ “ነይ ብዪ፣ በርዶ አለቀ!” ብላ ስትቆጣት፣ ቁጣው እንኳን ያስቀናኝ ነበር። እኔን የሚቆጣኝ አልነበረም።

የዛሬ ስድስት ዓመት ዓይን ሐኪም ቤት ወረፋ ስጠብቅ አንዲት ሽበታም ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። በሳቋ ነው ያወቅኳት። እኔም ማን እንደሆንኩ ስነግራት እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

“አባትሽን ስንት ለመንኩት መሰለሽ!” አለች። “አንድ ሁለት ባትሪና ኢንቨርተር ብቻ ይበቃህ ነበር ብዬ። መብራት ሲመጣ ይሞላል፣ ሲሄድ ይሰጣል፤ ዋጋው የዚያን ሩብ አይሆንም። እሱ ግን ‘ሚስቴ ፋብሪካ ልግባ እያለች ነው፤ ዳግመኛ መብራት እንዳታጣ አድርጌ ካልያዝኳት ትሄድብኛለች’ ይለኛል። ባትሪው ትንሽ ነገር መስሎ ታየው፣ ትልቅ ነገር ሊያደርግላት ፈለገ። ነፃ አወጣታለሁ ነው የሚለው። እኔም ቀን ባራዝም ይበርድለታል ብዬ ነበር። በኋላማ ደብተሩ አፌን ዘጋኝ።” “አሁንም ይገርመኛል” አለች። “ከዚያ ወዲያ የደብተር ንባብ አምኜ ተክዬ አላውቅም።”

ስሜ ተጠራ። ተነስቼ ገባሁ፤ ስወጣ አልነበረችም። አልነገርኳትም። ለማን እነግራለሁ? አባቴ ያንን ሁሉ ያፈሰሰው እማዬን ከጎኑ ለማስቀረት ነው፤ እኔ ደግሞ አባቴን ከጎኔ ለማስቀረት ብዬ እናቴን ሰደድኳት።

ስድስት ዓመት ታቅፌው ከረምኩ። ባለፈው ቅዳሜ ግን በቃኝ። ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። እማዬ ጉልበቷን ከታከመች ወዲህ ብዙ አትነሳም፤ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ድንች ትልጣለች። አባዬ ውጭ የሚያፈስ ቧንቧ ይዞ ከብሎን ጋር ይጣላል። እኔም ቢላዋ አንስቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ዓይኔን ድንቹ ላይ ተክዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሁለት እደምር እንደነበር። ለምን እንደደመርኩ። ጨርሼ ስጠብቃት ልጣጩን አልበጠሰችውም።

“አውቃለሁ” አለች።

“ምኑን?”

“ከኋላሽ ቆሜ ክር ሳጠነጥን አይሽ ነበር። ሳጥኑ ሁለት ነጥብ አንድ ይላል፣ እጅሽ አራት ነጥብ አንድ ይጽፋል። መጀመሪያ ተሳስተሽ መስሎኝ ነበር። በማግስቱም አየሁሽ፣ በሦስተኛውም ቀን። አንድ ቀን ልትጫወቺ ስትወጪ ላርመው ብዬ እስክሪብቶውን አነሳሁ።”

“ከዚያስ?”

“መልሼ አስቀመጥኩት።” ድንቹን ውሃው ውስጥ ጣለች። “ቶሎ ትሂድልኝ ብዬ ነዋ! በየአሥራ አምስት ቀኑ ነጭ ሸሚዝ መተኮስ ሰልችቶኝ ነበር።”

“አባዬ እኮ ለአንቺ ብሎ ነው…”

“ለእኔ እንደሚለፋ አጥቼው ነው? አውቅ ነበር። ሰው ሲቀና የሚያውቀውን ያውቃል እንዴ? ዋጋውን ደብቆኝ እንደነበር ስሰማ ደግሞ ‘እሰይ፣ ይበለኝ’ አልኩ፤ ለራሴ። ፋብሪካ የገባሁትም ለዚያው ነው። ብድሩ የሱ ብቻ አልነበረም።”

እፎይ ማለት ነበረብኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ለብቻዬ የተሸከምኩትን ሌላ ሰው ሲያግዘኝ ቀለል ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን፣ ጉድ በሉ፣ ቀናሁ። የኔ ነው ያልኩትን ጥፋት እንኳን እናቴ ከኔ በፊት ይዛው፣ ከኔ በላይ ከፍላበት ነበር። ሰባት ዓመት፣ በሰው ከተማ፣ በሚያማት ጉልበቷ።

እጇን ያዝኳት። እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ከውጭ የአባዬ መፍቻ ብረት ላይ ሲንኳኳ ይሰማል።

“እንንገረው?” አልኳት።

“ተይው” አለች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። “ንፋሱን ሲወቅስ ነው የኖረው። አሁን በዚህ ዕድሜው እኛን ልውቀስ ቢል በምን አቅሙ?”